ዝም ያለው ታማሚ ይሰማል
ለጤና ሚኒስቴር፣ ለሆስፒታሎችና ለጸበል ቦታ አባቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች፣ በየጸበሉ ሕሙማንን ለምትቀበሉ አባቶች፤

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የምጽፍላችሁ ካታቶኒያ ስለሚባል በሽታ ነው። ይህ በሽታ የያዘው ሰው መናገር ያቆማል። መብላትና መጠጣት ይተዋል። በቆመበት ወይም በተቀመጠበት ለሰዓታት ደርቆ ይቀራል። እጁን ብታነሱለት አያወርደውም፤ እንደተነሣ ይቆያል። ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይፈጣል። አንዳንዱ የሰማውን ቃል መልሶ መላልሶ ይደግማል። አንዳንዱ ማንኪያ ሲቀርብለት አፉን ጥርቅም ያደርጋል። በተቃራኒው ያለ ምንም ዓላማ ሲንጎራደድ የሚውልና እንቅልፍ የሚያጣም አለ።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለ። ዋጋው ውድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለውጡ የሚታየው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ በየቤቱ፣ በየጸበሉና በየሆስፒታሉ ወንበር ላይ ደርቀው የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ደብዳቤውን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

በሽታውን ያወቅሁት በታናሽ እህቴ ነው። የእሷን ነገር የማነሣው በፈቃዷ ነው። ረቂቁን አንብባ የሚጨመረውንና የሚወጣውን ነግራኛለች። ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገችውም ራሷ ናት።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ገና አራስ ነበረች። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ንግግሯ እያጠረ መጣ። አንድ ቀን ልጇን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። ሕፃኑ ሲያለቅስ እንኳ አላየችውም። ሰፈርተኛው ወዲያው የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዷ «ሰው ሠርቶባት ነው» አለች። ሌላዋ «ምች ነው» አለች። ዛር ነው ያለም አልጠፋም። እናታችን ጸበል ወሰደቻት።

እዚያ ያየሁት ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የሚጮኸውንና የሚማታውን ሰው ሁሉም ያየዋል። ይይዙታል፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ያስሩታል። ጸጥ ያለችውን ግን ማንም ልብ አይላትም። «እሷ እንኳ ደህና ናት፣ አትረብሽም» ይሏታል። እህቴ ጸበሉን እንኳ መዋጥ አልቻለችም ነበር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሽንቷን ከሸናች ቆይታለች። ጸጥታዋን የተመለከቱ ደግሞ «መንፈሱ ለቀቃት፣ ተሽሏታል» እያሉ እናቴን ያጽናኗት ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም የሚረዷት እነሱ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ጸጥታዋ ውስጥ ሰውነቷ እየደረቀ፣ ኩላሊቷ እየተጎዳ ነበር።

ከዚያ ሆስፒታል ወሰድናት። ስሙን አልጠራም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥም ነገሩ ያው ሆነ። ደም የሚፈሰው ቀደማት፣ የሚጮኸው ቀደማት። ዝም ያለች ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተረሳች። ማምሻውን ለአእምሮ በሽታ በሚል አንድ መርፌ ተወጋች። ሃሎፔሪዶል ነበር። በማግሥቱ ይበልጥ ደረቀች። አንገቷ እንኳ አልዞር አለ።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላክን። እዚያ አንድ ወጣት የአእምሮ ሐኪም መጣ። ብዙ አልጠየቀንም። እጇን ቀስ ብሎ አነሣና ለቀቀው። እጇ እዚያው ቀረ። ክርኗን አጠፈ ዘረጋ፤ እየተቃወመም እየታዘዘም ሄደለት። ከዚያ ስሟን ጠርቶ «የምንለውን ሁሉ እንደምትሰሚ አውቃለሁ። መርፌ ልሰጥሽ ነው። አትፍሪ» አላት። ከታመመች ጀምሮ ለእሷ በቀጥታ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

መርፌው ከተሰጣት ብዙም አልቆየም፤ ዓይኗ ተንቀሳቀሰ። ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ውኃ» አለች።

በአንድ መርፌ ድና ወደ ቤት ሄደች ማለቴ አይደለም። ከሰዓታት በኋላ መልሶ ያዛት። መድኃኒቱ በየቀኑ ተደጋገመ፣ መጠኑ ተስተካከለ። ከሥር የነበረው ከወሊድ ጋር የመጣ ሕመምም ለብቻው ታከመ። ጊዜ ወሰደ። ዛሬ ግን ልጇን ራሷ ታሳድጋለች፣ ሥራዋ ላይም ተመልሳለች።

አሁን ስለ በሽታው ያነበብሁትንና ከሐኪሞች የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ባለሙያዎቹ ከእኔ የተሻለ እንደምታውቁት አልጠራጠርም። ደብዳቤው ግን የሚያነበው ቤተሰብም ስለሆነ ነው።

ካታቶኒያን መጀመሪያ በዝርዝር የጻፈው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ካልባውም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1874። ከእሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ግን በሽታውን ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ በምንለው፣ ሰው የሌለ ድምፅ በሚሰማበትና ከእውነታው በሚርቅበት ከባድ የአእምሮ ሕመም ሥር አስገቡት። ለመቶ ዓመት ያህል እዚያው ተረሳ። ሰው ደርቆ ሲታይ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» ተብሎ የዚያ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። ጥናቶች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። ካታቶኒያ ከከባድ ድብርትና ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ከሚልበት ከባይፖላር ሕመም ጋርም ይመጣል፤ ያውም ብዙ ጊዜ። ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ታይፎይድና ወባ ሊያመጡት ይችላሉ። የሰውነት መከላከያ ኃይል አንጎልን ሲያጠቃም ይከሰታል። ከዚህ ዓይነቱ የአንጎል ሕመም በብዛት የሚታወቀውን ሆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ የደረቀ ሰው ሲመጣ የደም ምርመራ ሊቀር አይገባም። «የአእምሮ ነው» ብሎ ወደ ጎን መግፋት የሚድነውን ሰው ሊገድለው ይችላል።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያሻሽል ካታቶኒያን ከስኪዞፍሬኒያ ጥላ አወጣው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ ያየ ሥራ እንደሚያሳየው፣ በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ካሉ 100 ሰዎች ወደ 9 የሚሆኑት ላይ ይገኛል። እኛ ብርቅ የሚመስለን ሳንለየው ስለሚያልፈን ነው።

ሕክምናውም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 ዊልያም ብሌክዌን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለደረቁ ታማሚዎች የማስተኛ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ፣ ለሰዓታት ነቅተው በሉ፣ አወሩ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሎራዜፓም የሚባለው መድኃኒት ዋነኛው ሆነ። እሱ ከሌለ ዳያዜፓም አለ። ዳያዜፓም ድንገተኛ ክፍሎቻችን የሚጥል በሽታ ሲነሣ የሚጠቀሙበት፣ ሁሉም ነርስ የሚያውቀው መድኃኒት ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መሞከር አደገኛ ስለሆነ ማንም እንዳያደርገው አደራ እላለሁ።

በመድኃኒት ለማይሻለው ታማሚ ደግሞ፣ ሕዝባችን «ኮረንቲ» የሚለው፣ ለአጭር ጊዜ ኤሌክትሪክ በአንጎል ውስጥ በማሳለፍ የሚሰጥ ሕክምና አለ። ስሙ ያስፈራል። ነገር ግን ታማሚው በማደንዘዣ ተኝቶ በአግባቡ ሲሰጥ ሕይወት ያድናል። በካታቶኒያ ላይ የሚሠራውን ያህል በጥቂት በሽታዎች ላይ ነው የሚሠራው። ቤተሰብ ስሙን ሰምቶ ታማሚውን ይዞ እንዳይሸሽ በደንብ ሊነገረው ይገባል።

አደጋውን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። የማይንቀሳቀስ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሲሄድ በደቂቃዎች ይገድላል። የማይጠጣ ሰው ኩላሊቱ ይደክማል። የማይገላበጥ ሰው ገላው ይቆስላል። በደንብ የማይውጥ ሰው ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣበታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትኩሳት የሚያመጣው ዓይነት ነው። ሰውነት ይግላል፣ ይደርቃል፣ የደም ግፊት ይዋዥቃል። ያኔ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በካታቶኒያ ላይ ሲጨመሩ ወደዚህ ሊያደርሱ ይችላሉ። መድኃኒቶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ብዙ ሰው አድነዋል። መጀመሪያ እጅን አንሥቶ ማየት ግን ማንኛውም ሐኪም በደቂቃ የሚሠራው ምርመራ ነው።

የአእምሮ ታማሚ በአገራችን ምን ያህል ቀድሞ እንደሚሞት ከቡታጅራ ጥናት እናውቃለን። ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በቡታጅራና አካባቢው ለ10 ዓመት ተከታትለዋል። ታማሚዎቹ ከሌላው ሰው ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ቀድመው ይሞቱ ነበር። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ልብ በሉ፣ ሊታከም የሚችል በሽታ ነው። የአእምሮ ታማሚ ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው፣ ሲከሳ ማንም አይመረምረውም ማለት ነው።

እህቴ ከሁሉ በላይ ጻፍልኝ ያለችው ይህን ነው፦ ትሰማ ነበር።

ሁሉንም ሰምታለች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች «ትዳሯስ አበቃ» ሲሉ ሰምታለች። «ሕፃኑን የአባቱ ወገኖች ይውሰዱት» ሲባል ሰምታለች። ጸበል ቦታ አንዲት ሴት በጆሮዋ «አይዞሽ ልጄ» ያለቻትን እስከ ዛሬ አልረሳችም። ለምን እንዳልተንቀሳቀሰች ስትናገር፣ ብትነቃነቅ ወይም ምራቋን ብትውጥ ልጇ የሚሞት ይመስላት እንደነበር ትገልጻለች። ቀንም ሌሊትም ልጇን በሕይወት ለማቆየት ስትታገል ነበር። እኛ ከውጭ ስናያት ድንዝዝ ያለች ነበር የምትመስለን።

ከካታቶኒያ የዳኑ ብዙ ሰዎች የሚናገሩት ተመሳሳይ ነው። ከባድ ፍርሃት እንደነበረባቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ሆይ፣ በታማሚው አልጋ አጠገብ ስለ እሱ ለሦስተኛ ሰው አታውሩ። ለራሱ ንገሩት። ልትወጉት ስትሉ ንገሩት። ልብሱን ስታወልቁ ፈቃዱን እንደጠየቃችሁ ሁሉ ንገሩት፤ ባይመልስም።

ከካታቶኒያ ጋር አብረው የሚነሡ ሌሎች እንግዳ የሚመስሉ ሕመሞችም አሉ። አንዱ የኮታር ሕመም ነው። ታማሚው «ሞቻለሁ»፣ «ሆድ ዕቃ የለኝም» ይላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ኮታር እ.ኤ.አ. በ1880 ስለ አንዲት እንዲህ ስላለች ሴት ለሙያ ባልደረቦቹ ተናግሮ ነበር። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከከባድ ድብርት ጋር ነው። «የሞተ ሰው አይበላም» ብሎ በረሃብ ለመሞት የሚደርስ አለ። ሌላው የካፕግራ ሕመም ነው። ታማሚዋ ባሏን እያየች «መልክህ የእሱ ነው፣ አንተ ግን እሱ አይደለህም። ባሌን የት አደረግኸው?» ትላለች። ዦዜፍ ካፕግራ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ከስኪዞፍሬኒያ፣ ከመርሳት በሽታና ከአንጎል ጉዳት ጋር ይታያል።

እንዲህ ዓይነት ነገር በእኛ ቤት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሽማግሌ ይሰበሰባል። ባልየው ይዋረዳል። ሴትየዋ «ሌላ ለምዳ ነው» ትባላለች። ትዳር ይፈርሳል፣ ልጆች ይበተናሉ። ሐኪም ጋ የሚደርሱት ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ነው። «እኔ ነኝ፣ እዪኝ እንጂ!» እያሉ መከራከር ደግሞ አይረዳም፤ ፍርሃቷን ያባብሰዋል። «እንዲህ ሲሰማሽ በጣም ያስፈራል፤ አብሬሽ ነኝ፣ ሐኪም እንጠይቅ» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ጸበል ቦታ አባቶቻችን።

ጸበሉን ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። እናቴ ያለ ጸበሉ ያን ጊዜ አትችለውም ነበር። ሰው ተስፋ ሲያጣ የሚሄድበት ደጅ የእናንተ ነው፤ ብዙ ታማሚ ከሐኪም በፊት የሚያየው እናንተን ነው። ስለዚህ ከማንም በላይ ልታድኑ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ለዚህ ደግሞ መንገዱ ተጠርጓል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው «ጸበል ጀምሬያለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ይጥል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል ለብዙ ምእመን ክኒኑን በጸበል ለመዋጥ ድፍረት ሰጠው። ለአእምሮ ሕመምም ተመሳሳይ ቃል ከአባቶች እንጠብቃለን። በአንዳንድ ቦታ ካህናትና ሐኪሞች አብረው መሥራት መጀመራቸው ደስ ይላል፤ በየደጁ ይስፋፋ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ የማይናገር ሰው ደጃችሁ ሲመጣ «ቆይ ሱባኤውን ይጨርስ» አትበሉ። «ሐኪም አሳዩት፣ ከዚያ ወደ ጸበሉ ትመልሱታላችሁ» በሉ። ከእናንተ አፍ ሲወጣ ቤተሰብ ይሰማል። ከእኛ ግን አይሰማም። የታሰረ ሰው ካለ ደግሞ እጅና እግሩን እዩለት። ሰንሰለቱ የሚያቆስለው ሰው ቁስሉን መናገር ላይችል ይችላል።

ለጤና ሚኒስቴርና ለጤና ቢሮዎች። የአእምሮ ሕክምና በአገራችን የት እንደነበረ እናውቃለን። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሐኪም በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ በጎንደር፣ በጅማና በሌሎችም ከተሞች ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠራችሁትን አልክድም። እህቴን ያዳናት ወጣት ሐኪምም የዚህ ፍሬ ነው።

ነገር ግን የእህቴ ዕጣ የተወሰነው በዚያን ዕለት ተረኛው ማን እንደሆነ ነው። ይህ መቅረት አለበት። ካታቶኒያን ለመለየት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የቡሽና ፍራንሲስ መለኪያ አለ፤ 23 ምልክቶችን የያዘ ነው፣ የተዘጋጀውም እ.ኤ.አ. በ1996። ከእነዚህ ለማጣራት የሚያገለግሉት 14ቱ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተዘጋጅተው በየድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። ሎራዜፓም በመርፌ መልክ በየሪፈራል ሆስፒታሉ እንዳይጠፋ ግዥው ይታሰብበት። እስኪመጣ ድረስ ዳያዜፓም ለዚህም እንደሚያገለግል ለጠቅላላ ሐኪሞች መመሪያ ይውረድላቸው። ዝም ያለ፣ የማይበላ ታማሚ በተራ መለያው ላይ «አይቸኩልም» ከሚባለው ወገን ሳይሆን ከሚቸኩለው ይመደብ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም አትርሱ። በየቤቱ የሚገቡት እነሱ ናቸው። አራስ ቤት ሲገቡ ስለ ጡትና ስለ ክትባት እንደሚጠይቁት ሁሉ «እንቅልፍ ትተኛለች? ታወራለች? ትበላለች?» ብለው ይጠይቁ። እህቴ መናገር ከማቆሟ በፊት ለብዙ ሌሊት አልተኛችም ነበር። ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ኖሮ ቶሎ ይደረስላት ነበር።

ይህን የምታነቡ ቤተሰቦችም ካላችሁ፦ ዘመዳችሁ ደርቆ ከቀረ ሌሊቱን አታሳድሩት፤ በተለይ ትኩሳት ካለው። ሐኪም ጋ ስትደርሱ «አእምሮው ተነካ» ብቻ አትበሉ። «ከዚህ ቀን ጀምሮ አልበላም፣ አልጠጣም፣ አልተናገረም፣ እጁን ስናነሣው አይወርድም» በሉ። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ካታቶኒያ ይሆን ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደግሞ አትደብቁት። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል።

እህቴና እኔ ለሥልጠናም ሆነ ለውይይት ብትጠሩን እንመጣለን። ለጀማሪ ነርሶች ያየችውንና የሰማችውን በራሷ አንደበት ለመናገር ዝግጁ ናት። በጸበል ቦታም እናታችን አብራን ትመጣለች፤ ለእናቶች የምትናገረው ብዙ አላት። ከእናንተ የምንፈልገው ያ አንድ ገጽ ወረቀት መቼና በማን እንደሚዘጋጅ ለሕዝብ እንድታሳውቁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታማሚ ወንድም